ራኬቱ ነው ወይስ ክሩ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ ዕድሜዬ 52 ዓመት ሲሆን፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን ካዛንቺስ አካባቢ ቴኒስ እጫወታለሁ። ራኬቴን ከገዛሁት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ዓመት ወዲህ በደንብ መታሁት የምለው ኳስ ሁሉ ከኋላው መስመር እያለፈ ያስቸግረኛል፤ በዚያ ላይ ቀኝ ክርኔን ያመኝ ጀምሯል። አብረውኝ የሚጫወቱት ወዳጆቼ «ይህ ራኬት አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» ይሉኛል። ዋሽንግተን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜም ለገና ስለሚመጣ ምን ላምጣልህ እያለኝ ነው። ወጪው ቀላል ስላልሆነ፣ ራኬቱ በእርግጥ መቀየር ያለበት መሆኑን አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ። ክሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው ከሁለት ዓመት በፊት ይመስለኛል፤ ፖሊስተር ነው ተብሎ ነበር፣ እስካሁንም አልተበጠሰም።

ከካዛንቺስ

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የሰጠኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ክርዎ አለመበጠሱን የጤንነት ምልክት አድርገው የያዙት ይመስላል፤ ነገር ግን የቴኒስ ክር የሚያረጀው ከመበጠሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ክሩ ተወጥሮ ከመወጠሪያ ማሽኑ ላይ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ መላላት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ ከውጥረቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ቢያጣ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምት በመጠኑ ያላላዋል። በተለይ ፖሊስተር የተባለው ክር ጠንካራ በመሆኑ በመካከለኛ ኃይል በሚመታ ሰው እጅ ቶሎ አይበጠስም፤ የመሳብና ወደ ቦታው የመመለስ ኃይሉን ግን ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ ያጣል። የላላ ክር ኳሱን እንደ ወንጭፍ አርቆ ስለሚወረውር፣ ቀድሞ መስመሩ ላይ ያርፍ የነበረው ምትዎ ዛሬ ሁለት እርምጃ አልፎ ቢወድቅ ሊገርምዎ አይገባም።

ተጫዋቾች የሚከተሉት አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ በሳምንት የሚጫወቱትን ቀናት ያህል በዓመት ክር ይቀይራሉ። በዚህ ስሌት እርስዎ በዓመት ሦስት ጊዜ ሊቀይሩ ይገባዎት ነበር፤ የክረምቱን ዝናብ ቀንሰን ሁለት ጊዜ ብንለው እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክር መጫወት ከልክ ያለፈ ነው። ነገሩን በዓይንዎ ለማረጋገጥ ራኬቱን ወደ መስኮት ብርሃን ያቅርቡና ከላይ ወደ ታች ከሚወርዱት መካከለኛ ክሮች አንዱን በጣትዎ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ይልቀቁት። ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰና እንደተጣመመ ከቀረ ክሩ አብቅቶለታል ማለት ነው። ክሮቹ በሚጠላለፉበት ነጥብ ላይም ጥፍርዎን ያሳልፉ፤ የተቆረጠ የሚመስል ጎድጓዳ መስመር ይሰማዎት ይሆናል። በቀይ አፈር ሜዳ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ ደቃቁ አሸዋ በክሮቹ መሃል እየገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚሞርዳቸው ይህ መስመር ቶሎ ይጠልቃል።

ኳሱ ከመስመር እንዲያልፍ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳሳ ያለው አየር ኳሱን እምብዛም አያዘገየውም፤ ከዚህም ሌላ ለዝቅተኛ አገር ተብሎ በግፊት የተሞላ ኳስ እዚህ ሲደርስ የውስጡና የውጩ ግፊት ልዩነት ስለሚሰፋ ከተለመደው በላይ ይነጥራል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ የፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተፈቀዱት አንዱ የውስጥ ግፊት የሌለው ኳስ ሲሆን፣ ውድድሩ በሚካሄድበት ከፍታ ላይ ቢያንስ 60 ቀን እንዲቆይ ይጠየቃል። ስለዚህ በአንድ ራኬት ላይ ከመፍረድዎ በፊት ኳሱ ከየትኛው ቆርቆሮ እንደወጣ ይጠይቁ። ጓደኞችዎ በቅርቡ ሌላ ዓይነት ኳስ ማምጣት ጀምረው ከሆነ ለውጡ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ከፍታው ግን ዘጠኙንም ዓመት አብሮዎት የነበረ ነውና፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ለመጣው ችግር ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው ክሩን ነው።

ወደ ክርንዎ ልምጣ፤ ከኳሱ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ያረጀ ፖሊስተር የምቱን ንዝረት ሳይውጥ ለክንድ ያስተላልፋል። ችግሩን ለማስተካከል ብለው ያንኑ ክር ከቀድሞው አጥብቀው ቢያስወጥሩት ኳሱ ሜዳ ውስጥ ይገባ ይሆናል፣ ክንድዎ ግን ይብስበታል። በ52 ዓመት ዕድሜ፣ ክርን እያመመ፣ በፖሊስተር መጫወት በእኔ እምነት ፈጽሞ አያስፈልግም። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ተገምዶ የሚሠራውን ለስላሳ ክር ይምረጡ፤ ከከብት አንጀት የሚሠራው ደግሞ ለክንድ ከሁሉ የተመቸና ውጥረቱንም ከሁሉ የበለጠ የሚጠብቅ ነው፣ ነገር ግን ዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ እርጥበት ስለሚጎዳው ለሐምሌና ለነሐሴ አይሆንም። የውጥረቱ መጠን በራኬትዎ አንገት አካባቢ ወይም ጎን ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ላይ ከ50 እስከ 60 ፓውንድ፣ ማለትም ከ23 እስከ 27 ኪሎ ገደማ ነው። ከመካከሉ ይጀምሩ። ሕመሙ በዕረፍትና በአዲስ ክር ካልቀነሰ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱ እንጂ ራኬት እየቀያየሩ አይቆዩ።

አሁን ፍሬሙን፣ ማለትም ክሩ የሚወጠርበትን የራኬቱን አካል፣ እንይ። የካርቦን ፍሬም በዕድሜ ብቻ አይበሰብስም፤ የሚያደክመው የተመታው ምትና ክር የተወጠረበት ጊዜ ብዛት ነው። በየቀኑ ለሰዓታት የሚመታ ባለሙያ ፍሬሙ ሲለሰልስ ይሰማዋል፤ በሳምንት ሦስት ጧት ለሚጫወት ሰው ግን ዘጠኝ ዓመት ራኬቱን ለመጣል በቂ ምክንያት አይደለም። በቂ ምክንያት የሚሆነው ስንጥቅ ነው። የአናቱን መሸፈኛ ፕላስቲክ ዙሪያ፣ የራኬቱን ግራና ቀኝ ጎን፣ እንዲሁም ወደ መያዣው ሲወርድ እንደ ባላ የሚገናኘውን አንገት በጥሩ ብርሃን ይመርምሩ። ጥፍርዎን በተጠራጠሩበት መስመር ላይ ያሻሹ፤ የቀለም ጭረት ከሆነ ጥፍርዎ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ስንጥቅ ከሆነ ያዝ ያደርገዋል፤ ቦታውን በአውራ ጣትዎ ሲጫኑትም ይሰረጉዳል ወይም ሲጥ ይላል። የተሰነጠቀ ፍሬም አይጠገንም፤ ክር ሲወጠርበት ማሽኑ ላይ ሊሰበር ይችላል። ክሩ የሚያልፍባቸው ግሮሜት የተባሉት ትናንሽ ፕላስቲኮች ቢሰባበሩ ግን ፍሬሙን አያስጥልም፤ ብቻቸውን ይቀየራሉ። አንድ ክር ከተበጠሰ ደግሞ የቀሩትን ከመሃል ጀምረው ቶሎ ይቁረጧቸው፤ አንዱ ወገን ላልቶ ሌላው እንደተወጠረ ሲቆይ ፍሬሙ ይጣመማል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ራኬት ማስቀመጥም ክሩን ያለ ዕድሜው ያላላዋል።

ፍሬሙ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መቀየር የሚገባበት ጊዜም አለ፤ ይኸውም የተጫዋቹ አካል ወይም አጨዋወት ሲለወጥ ነው። ታዋቂው የቴኒስ ተጫዋች ሮጀር ፌደረር የመጀመሪያዎቹን 17 ታላላቅ (ግራንድ ስላም) ዋንጫዎች ያነሣው የፊቱ ስፋት 90 ካሬ ኢንች በሆነ ራኬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ክረምት፣ 32 ዓመት ሊሞላው ሲል ሰፋ ያለ ሞክሮ አልቀና ብሎት ወደ አሮጌው ተመለሰ፤ በ2014 ግን ወደ 97 ካሬ ኢንች ተሻገረ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዋንጫዎች ያገኘውም ከ2017 ጀምሮ በዚሁ ነው። ሌላው ታዋቂ ተጫዋች ፒት ሳምፕራስ በአንጻሩ 14ቱንም ታላላቅ ዋንጫዎቹን ያገኘው 85 ካሬ ኢንች በሆነ ራኬት ነው። ሁለቱም አሮጌውን ለመተው ወይም ለማቆየት የወሰኑት የአምራቹ አዲስ ቀለም ስለወጣ አልነበረም። አምራቾች በየሁለት ሦስት ዓመቱ አዲስ ዕትም ያወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት ትኩስ ክር ከሚያመጣው ልዩነት ያነሰ ነው።

እንግዲህ ለወንድምዎ ይህን ይበሏቸው፦ 200 ሜትር የሚሆን ለስላሳ ክር በጥቅል፣ ለራኬትዎ ሞዴል የተሠራ የግሮሜት ስብስብ ከገበያ ሳይጠፋ፣ እንዲሁም ጥቂት የመያዣ ጨርቅ። አንድ ራኬት 12 ሜትር ያህል ክር ስለሚፈጅ ጥቅሉ ለ16 ጊዜ ይበቃል፤ በሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታም ትንሽ ነው። ጥሩ የአዋቂ ራኬት እዚያ ከ200 እስከ 300 ዶላር እንደሚሸጥ፣ ብራችንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ምን ያህል እንደተዳከመ ሲያስቡ፣ መጀመሪያ ክሩን ቀይረው አንድ ወር መጫወት የሚያዋጣ ይመስለኛል። ማሽን ያለውን ሰው አብረዋቸው የሚጫወቱት ወይም አሰልጣኞቹ ያገናኙዎታል። ከዚያና ከፊዚዮቴራፒስቱ ምክር በኋላም ክንድዎ ካልተሻለው ብቻ ራኬት ይፈልጉ። ያን ጊዜ 100 ካሬ ኢንች ገደማ፣ ክብደቱ 300 ግራም አካባቢ፣ ፍሬሙም ግትር ያልሆነ፣ በመጠኑ የሚተጣጠፍ ይሁን። ክንዱን ያመመው ሰው ከሁሉ የቀለለውን ራኬት ሲመርጥ አያለሁ፤ በጣም ቀላል ራኬት ግን በኳሱ እየተገፋ ድንጋጤውን ለክንድ ስለሚያስተላልፍ ጉዳቱ ያመዝናል።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ ቴኒስ ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ራኬቷ 23 ኢንች ሲሆን አጥሮባታል። ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን የስፖርት ዕቃ መደብሮች ስጠይቅ ሙሉ መጠን ያለውን ብገዛላት ለዓመታት እንደሚያገለግላት ነገሩኝ። እውነት ይሻላታል?

አንዲት እናት፣ ከለገሃር

መልስ፦ እህቴ፣ ልብስና ጫማ «ታድግበታለች» ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል፤ ራኬትን ግን እንዲህ ባያደርጉት እመርጣለሁ። ልጅ ከአቅሟ በላይ የረዘመ ራኬት ስትይዝ እጀታውን ከፍ አድርጋ ትጨብጣለች፣ ኳሱንም በሰውነቷ ዙር ሳይሆን በእጅ አንጓዋ ብቻ ለመግፋት ትገደዳለች፤ ይህ ልማድ ከያዛት ለማስተው ዓመታት ይፈጃል። የልጆች ራኬት 19፣ 21፣ 23፣ 25 እና 26 ኢንች እየሆነ ያድጋል፣ የአዋቂው 27 ነው። ልጅዎን ቀጥ ብላ እንድትቆምና ራኬቱን መያዣውን ጨብጣ ክንዷን ወደ ታች እንድትዘረጋ ያድርጉ፤ አናቱ መሬቱን ነካ ካደረገ ልኳ ነው፣ ክንዷን ማጠፍ ካስፈለጋት ረዝሞባታል። በ10 ዓመት ዕድሜ ብዙዎቹ ልጆች 25 ወይም 26 ይስማማቸዋል። ከአሉሚኒየም የተሠራው ለጀማሪ ይበቃል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የምትሠለጥን ከሆነ ግን ካርቦን ያለበትን ቢመርጡላት ክንዷ ይጠቀማል። ያደጉ ልጆች የተዉት ራኬት በሠልጣኞች ወላጆች እጅ ስለሚገኝ፣ ከመግዛትዎ በፊት እነሱን ይጠይቁ። ስለ ኳሱም አሰልጣኟን ያነጋግሩ፤ በዓለም አቀፉ ሕግ ከ2012 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር መደበኛው ቢጫ ኳስ አልተፈቀደም፣ በእኛ ከፍታ ደግሞ ያ ኳስ ከትከሻዋ በላይ ይነጥርባታል።

ጥያቄ፦ በውድድር ስለምካፈል ሁለተኛ ራኬት ያስፈልገኛል። ከአገር የሚወጣ አንድ የውጭ ዜጋ ያገለገለ ራኬቱን ሊሸጥልኝ ነው፤ ከእኔው ጋር ተመሳሳይ አምራች ቢሆንም ሞዴሉ ይለያል። ልግዛው?

ወጣት ተጫዋች፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ሞዴሉ የሚለይ ከሆነ ተወው። ሁለተኛ ራኬት የሚያስፈልግህ ክርህ በጨዋታ መሃል ሲበጠስ ነው፤ በዚያ ሰዓት ክብደቱና ሚዛኑ የተለየ ራኬት ብታነሣ ሰርቭህን፣ ማለትም የማስጀመሪያ ምትህን፣ እንደገና መፈለግ ይሆንብሃል። ያንኑ ሞዴል፣ የቀደመ ዕትም እንኳ ቢሆን፣ ያገለገለ ብታገኝ ይሻልሃል። ከመክፈልህ በፊት ሁለቱንም በወጥ ቤት ሚዛን መዝናቸው፤ ከአምስት ግራም በላይ ከተለያዩ ቀላሉ ላይ ክብደት የሚጨምር የእርሳስ ቴፕ መለጠፍ ይቻላል። ለካዛንቺሱ አንባቢ ስለ ስንጥቅ የጻፍኩትንም አንብብና እንደዚያው መርምረው። ከገዛኸው በኋላ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ውጥረት አስወጥራቸው፤ በልምምድም ላይ እያፈራረቅህ ተጫወትባቸው።