ድንጋዩ ላይ ያለው ኮራል ነው? አለ ወይስ ሞቷል?

ሦስቱንም ፎቶ አየሁ እህቴ። ያገለገለ የጨው ውሃ አኳሪየም ከነላይቭ ሮኩ (የባሕር ሕያዋን ከሰፈሩበት ድንጋይ ጋር) ገዝተሽ፣ ድንጋዩ ላይ ሐምራዊ ቅርፊት፣ የሚወዛወዝ ቡናማ «አበባ» እና ነጭ ባለኮከብ ጽዋዎች አገኘሽ። «የትኛው ነው ኮራል? በሕይወትስ አለ?» ነው ያልሽው። ሰባት ዓመት ገንዳ ይዣለሁ፣ በሦስቱም ተሸውጃለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላርዝምብሽ።

መጀመሪያ ሁለቱን ጥያቄ ለይተሽ ያዢ። «ኮራል ነው ወይ?» ለሚለው አጥንቱ ይመልስልሻል፤ «አለ ወይ?» ለሚለው ሥጋው። ጠንካራ ኮራል ቤቱን የሚሠራው ከኖራ ነው። ፖሊፕ የሚባለው እያንዳንዱ ትንሽ እንስሳ የሚቀመጥባት ጽዋ አለችው። ከጽዋዋ ጠርዝ ወደ መሃል የሚሄዱት ስስ ግድግዳዎች ኮከብ ይሠራሉ። ባለቤቱ ቢሞትም ኮከቡ ይቀራል። እኛው አገር፣ አፋር፣ ደናክል ላይ፣ ድሮ ቀይ ባሕር ገብቶ በነበረበት ዘመን የበቀለ ኮራል ዛሬ ደረቅ መሬት ላይ ተሰጥቶ ይገኛል። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኮራል መሆኑ ግን ያስታውቃል። ስለዚህ ኮከብ ማየትሽ ኮራል መሆኑን እንጂ መኖሩን አይነግርሽም።

ሐምራዊው ቀላል ነው። ኮራላይን አልጌ ይባላል፣ ስሙ ነው እንጂ ኮራል አይደለም፤ አልጌ እንደ ተክል በብርሃን የሚኖር የውሃ ፍጥረት ነው። እንደ ቀለም ድንጋዩ ላይ የተለጠፈ፣ ጠንካራ፣ ጽዋም ፖሊፕም የሌለው። ሕይወት አለው፣ ጥሩ ነገርም ነው። ብቻ እሱም እንደ ኮራል ካልሲየም ይበላል፣ ሲበዛ ውሃሽን መለካት አትርሺ። ከነጣ ሞቷል።

ቡናማው ላይ ግን ቆም እንበል። አይፕቴዥያ ይመስለኛል። የባሕር አኔሞኒ ነው፣ የኮራል ዘመድ። መኖሩ አያጠያይቅም፤ እንዲያውም ችግሩ መኖሩ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሳይ «በነጻ ኮራል አገኘሁ!» ብዬ ለባለቤቴ ቪዲዮ ልኬላታለሁ። በየሁለት ቀኑ ሽሪምፕ እየቆራረጥኩ አጎርሰው ነበር። ልጆቼን እንኳ እንደዚያ አላጎረስኩም። በሁለት ወር ውስጥ አንዱ ሠላሳ ሆነ። ደንግጬ በቢላ ፋቅኩት፣ ባሰ። ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ራሷን ችላ ታድጋለችና። በመጨረሻ አጠገቡ የነበረውን እውነተኛ ኮራል እየነደፈ ጨረሰብኝ።

መለያው ይኼ ነው፦ ረዘም ያለ ለስላሳ ግንድ፣ ጫፋቸው የሾለ ብርሃን የሚያሳልፉ ክሮች፣ ከሥሩም ምንም አጥንት የለም። ስትነኪው እልም ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። እኔን የገላገለኝ ካልክቫሰር የሚሉት የኖራ ዱቄት ነው። እንደ ሊጥ አቡክተሽ፣ የውሃ ሞተሩን አጥፍተሽ፣ በስሪንጅ አፉ ላይ ትጨምሪበታለሽ። በአንድ ቀን ሁለት ሦስቱን ብቻ፣ አለበለዚያ የውሃው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ይዘልብሻል። ፔፐርሚንት ሽሪምፕም ይበላዋል ይባላል። የአንዳንዶቹ ይበላል፤ የእኔው ዞር ብሎም አላየው።

ልቤን የያዘው ግን ነጩ ፎቶሽ ነው። እኔም ቤት እንደዚያ ያለ ነበር። ድንጋዩ የፍሎሪዳ ነው። እዚያ ላይቭ ሮክ ከባሕር መልቀም ከተከለከለ ቆይቷል፤ አምራቾቹ የኖራ ድንጋይ ባሕር ውስጥ ይጥሉና ከዓመታት በኋላ ያወጡታል። ብዙ ነገር ተሳፍሮበት ይመጣል። ቀን ቀን ሳያት ሳንቲም የማታክል የሞተች ጽዋ ነበረች። «አልቆላታል» ብዬ ተውኳት። አንድ ሌሊት ከሥራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። የገንዳው መብራት ጠፍቷል። የስልኬን ባትሪ በቀይ ፌስታል ሸፍኜ አበራሁ፤ ነጭ ብርሃን ያስደነግጣቸዋል፣ ቀዩ ግን እምብዛም አይረብሻቸውም። ከዚያች «ሬሳ» ውስጥ ብርጭቆ የመሰሉ ጣቶች ወጥተው ውሃውን ይዳብሳሉ። ጃኬቴን ሳላወልቅ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ።

አብዛኞቹ የገንዳ ኮራሎች ሥጋቸው ውስጥ ምግብ የሚያዘጋጅላቸው አልጌ አለ። እንደዚህ ያሉት ግን የላቸውም ወይም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አድነው መብላት አለባቸው፣ ያውም በሌሊት። አንቺም መብራቱ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ በቀይ ብርሃን እይ። ቀድመሽ በስሪንጅ ትንሽ የአርቴሚያ (ለዓሣ መኖ የሚሆን ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ) ውሃ አጠገቡ ጠብ አድርጊለት፣ የምግብ ሽታ ያወጣቸዋል። ጣት ከወጣ ወይም ጽዋው ላይ ያለው ሥጋ ካበጠ፣ አለ።

ቀን ላይ ደግሞ ጠርዙን ተመልከቺ። ሕያው ከሆነ ስስ ቆዳ አጥንቱን ስለሚሸፍነው ኮከቡ ለስለስ ብሎ ነው የሚታየው። ስለቱ ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ በላዩም ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ ከበቀለ፣ ሥጋው ከዚያ ቦታ ሄዷል። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ከቀረ ግን አትጣዪው፤ ውሃው ከተመቸው መልሶ ሊሸፍነው ይችላል።

«ሰማያዊ መብራት አብሪበት፣ ካበራ ኮራል ነው» የሚሉሽን አትስሚ። አኔሞኒም ያበራል፣ አልጌም ቀይ ያበራል፣ ጭራሽ የማያበራ ደህና ኮራልም አለ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምን እንዳለበት ሳታውቂ ድንጋዩን አትቀቅዪ፣ በብሩሽም አትፈትጊ። ፓሊቶአ የሚባል፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ክብ እያለ አንድ ላይ የሚበቅል የኮራል ዘመድ አለ። ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ቀቅለው በእንፋሎቱ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ጓንት አድርጊ፣ መነጽርም። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አትንኪው። ፎቶሽ ላይ አላየሁትም፣ ግን የድንጋዩን ጀርባ አላሳየሽንም።

ለጊዜው ቡናማውን በቢላ እንዳትነኪው። ነጩን አንድ ማታ አይተሽ ምንም ካልወጣ፣ ሌሎች ማታዎችም ሞክሪ፤ ቦታ የተቀየረበት ኮራል ለቀናት ሊዘጋ ይችላል። ጣት ካየሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ ቢደበዝዝም ግድ የለም።