ምንጭ ካለበት መሬት ላይ ባህር ዛፍ ለመትከል ላሰብከው ወንድሜ

ጥያቄህን አነበብኩት። «ቤተሰቦቼ ከምንጭ በላይ አንድ ሄክታር ተዳፋት መሬት አላቸው። ነጭ ባህር ዛፍ ልተክልበት ነው። አንድ ዛፍ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠጣል?» ብለሃል። ከስር አንዱ 3 ሊትር አለህ፣ አንዱ 100፣ አንዱ ደግሞ «ወሬ ነው፣ ዝም ብለህ ትከል»። ሁሉንም ተዋቸው። እኔ ጉና ተራራ ግርጌ ባህር ዛፍም ምንጭም አለኝ፤ ምንጩ ዛሬም ይፈሳል። ያንተም ቦታ እንደኔው ደጋ ነው ብዬ ልጻፍልህ።

1. በዛፍ አትቁጠር፣ በመሬት ቁጠር። አንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊሜትር ውሃ ማለት 10,000 ሊትር ነው። ደኑ በቀን 3 ሚሊሜትር ሳበ እንበል፣ 30,000 ሊትር ሄደ። እንደኛ አገር ልማድ በሜትር በሜትር ከጠቀጠቅከው 10,000 ዛፍ አለህ፤ ለእያንዳንዱ 3 ሊትር ይደርሰዋል። በሁለት ሜትር ከተከልክ 2,500 ዛፍ ነው፤ 12 ሊትር ይደርሰዋል። ዛፎቹ አድገው ቅጠላቸው ከገጠመ በኋላ ምንጩ የሚያጣው ያው ተቀራራቢ ነው። ያ «3 ሊትር ብቻ» ያለህ ሰውዬ የሚያጽናናህ በከንቱ ነው።

2. ከዝናቡ ይልቅ አየሩን እይ። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ነው፣ አየሩም ጠግቧል፤ ከቅጠሉ የሚወጣውን ተን የሚቀበል የለም። ጉዱ ያለው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። ፀሐዩ ይከርራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ከሰዓት ንፋሱ ይነሳል። የታጠበ ጋቢ ቶሎ የሚደርቅበት ቀን ዛፉም አብዝቶ የሚስብበት ቀን ነው። ሙቀቱንም አትናቀው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 30 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ሞቅ ያለው ፎገራ ሜዳ ላይ ያለ ሰው የሚነግርህን ቁጥር ለደጋ አትውሰድ።

ዛፉ ግን ሞኝ አይደለም። አፈሩ ሲደርቅበት፣ አየሩም ሲጠናበት፣ ቀትር ላይ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ደረቅ ጉብታ ላይ ያለው ባህር ዛፍ በሚያዝያ ራሱን የሚያቆየው እንዲህ ነው። ሥሩ ረግረግ የነካው ግን ምን አስጨንቆት? ከላይ ደረቅ አየር፣ ከታች የማያልቅ ውሃ። ምንጭ የሚገድለው እሱ ነው።

3. ረግረግና የምንጭ ዓይን አጠገብ አትትከል። ይሄን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። ችግኝ ልወስድ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እዚያ የሚሠራ ልጅ ስልኩን እየነካካ «ረግረጉ ላይ ትከለው፣ ቶሎ ያድግልሃል» አለኝ። በአባቱ ዕድሜ ያለሁትን ሰው «አንተ» እያለ። «ምንጩን የሚመግበው እኮ ረግረጉ ነው፣ በጋ ምን ልንጠጣ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ባለሙያው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለ። እሺ ብዬ የአካባቢያችንን የዝናብና የሙቀት መረጃ ጠየቅሁ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ቀበሌ ስሄድ ስብሰባ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ። በስንት ልመና ደብዳቤውን አስጽፌ ብመለስ ደግሞ «ማኅተሙ ደብዝዟል»!

ተውኩት። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የወተት ጣሳ ሁለት ፈለግሁ፤ አንዱን ሜዳ ላይ፣ አንዱን የወንድሜ ባህር ዛፍ ስር አስቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት የዘነበውን በልጄ ማስመሪያ መለካት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ያየሁት ግን ቢሮ ያለው ልጅ ያልነገረኝን ነው። ካፊያ የሆነ ቀን ዛፍ ስር ያለው ጣሳ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ውሃው ቅጠሉ ላይ ቀርቶ ተመልሶ ይተናል። ዶፍ ሲሆን ልዩነቱ ይጠባል። ዝናቡ በካፊያ የሚያልፍ አገር ከሆነ መሬቱ የሚደርሰው ከምታስበው ያነሰ ነው ማለት ነው።

ጎረቤታችን የዚያን የቢሮ ልጅ ምክር ሰምቶ ረግረጉን ዙሪያውን ተከለው። ዛፉ አደገ፣ አይካድም። አጠናውንም በደህና ዋጋ ሸጧል። አሁን መጋቢት ሲገባ ልጆቹ ጀሪካን ይዘው እኛ ምንጭ ይመጣሉ። እኔ ላይኛውን ጉብታ ብቻ ነው የተከልኩት፤ ከዚያ በታች ሣሩን፣ ወይራውንና ኮሶውን ሳልነካ ተውኩት። ከላይ ነው ብለህም ተዳፋቱን በሙሉ አትሸፍነው፣ ምንጩ የሚጠራቀመው ከዚያ ነው።

«ከደረቀ እቆርጠዋለሁ» እንዳትል ደግሞ። ደቡብ አፍሪካ ሞኮቡላን በሚባል የምርምር ቦታ አንድ ጅረት የሚመነጭበትን ተፋሰስ ግራንዲስ በሚባል የባህር ዛፍ ዝርያ ሸፍነውት ነበር። በ9ኛው ዓመት ጅረቱ ደረቀ። ዛፉን በ16 ዓመቱ ቆረጡት፤ ጅረቱ ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ የጀመረው ግን ከዚያ 5 ዓመት ቆይቶ ነው። እዚያ አገር በፈረንጆቹ 1998 በወጣው የውሃ ሕግ መሠረት የንግድ ደን ለመትከል የውሃ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ፈቃዱ ቀርቶ የሚያዳምጥ ሰው ብናገኝ ጥሩ ነበር።

አሁን አንተ ችግኝ ከመግዛትህ በፊት ሚያዝያ ላይ ምንጩ ጋ ሂድ። 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለካና ከነቀኑ ጻፈው። ምንጩ ከመሬቱ ጫፍ ስንት እርምጃ እንደሚርቅና መሬቱ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለም እዚሁ ጻፍልኝ። ስልኬ ላይ አትደውል፣ ገጠር ኔትወርክ የለም።