«ተ/» ማን ነው? የምሕጻረ ቃል ጥያቄዎቻችሁ

ከሐይቅ፣ ለእናቱ የዓይን ጠብታ የገዛ ወጣት፦ ማዘዣው ላይ በላቲን ፊደል «ኦዲ» ተጽፏል፤ የአባቴ ኪኒን ላይም «ኦዲ» ይላል። አንድ ናቸው?

አይደሉም። ኪኒን ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» ማለት ነው፤ በዓይን ሕክምና ግን «ቀኝ ዓይን» ይሆናል (ግራው «ኦኤስ»፣ ሁለቱም «ኦዩ»)። ሆኖም እኔን አትመን፤ ማዘዣውን አላየሁትም፣ ጠብታ ላይም «በቀን አንዴ» ለማለት የሚጽፈው አይጠፋም። ዛሬውኑ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለስና አራት ነገር በአማርኛ አስጽፍ፦ የትኛው ዓይን፣ ስንት ጠብታ፣ በቀን ስንቴ፣ ለስንት ቀን። ሳታረጋግጥ አንዲት ጠብታ እንዳታደርግላት።

ከደሴ፦ ሸዋ በር አካባቢ «ም/ቤት» የሚል ታፔላ አየሁ። ምክር ቤት ነው ምግብ ቤት?

ሽሮ ከሸተተዎት ምግብ ቤት ነው።

ከወልድያ አንዲት እህት፦ የአባቷ ስም በቤት ካርታው «ተ/ሚካኤል»፣ በባንክ ደብተሩ «ተስፋሚካኤል»፣ በእሷ መታወቂያ «ተክለሚካኤል» ነው። ውርስ ሲነሳ «የሌላ ሰው ልጅ ነሽ» እንዳትባል ትሰጋለች።

ስጋትሽ ከንቱ አይደለም። «ተ/» ተክለም ተስፋም ነው። «ወ/» ለወንድ ወልደ፣ ለሴት ወለተ ይሆናል። «ሀ/ማርያም» ደግሞ ሀብተማርያም መሆን ሲገባው፣ ሀሌታውን ከብዙኃኑ የማይለይ ጸሐፊ ኃይለማርያምንም እንዲያው ያሳጥረዋል። «ሻ/» ሻምበልም ሻለቃም ነው፤ ለማዕረጉስ «ሻ/ል» እና «ሻ/ቃ» አሉለት፤ ለስም ግን እንዲህ ያለ መለያ የለም። ጸሐፊው ባለጉዳዩን ስለሚያውቀው ያሳጥራል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወረቀቱን የሚያነበው ዳኛ አያውቀውም።

መጀመሪያ ስሙ ተዘርዝሮ የተጻፈባቸውን ቆየት ያሉ ሰነዶች ሰብስቢ፦ የጋብቻ ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የክርስትና ካርድ። አባትሽ ራሱ የፈረመበት ከተገኘ ከሁሉም ያን አስቀድሚ። ቀጥሎ የትኛው ሰነድ በየትኛው እንደሚስተካከል ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። ካርታውንና የባንክ ደብተሩን ግን በራስሽ እንዳትነካኪ፤ ምናልባት «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልግሻል፣ ማመልከቻውንም ጠበቃ ይጻፈው። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ።

ፓስፖርት ልታወጡ ያሰባችሁም ስማችሁን ዘርዝራችሁ ሙሉ። ግርጌው ላይ ያሉት በማሽን የሚነበቡት ሁለት መስመሮች እዝባር አይቀበሉም፤ «ገ/» ብቻዋን የቀረች ፊደል ትሆናለች።

ከከሚሴ፦ ለራስ ምታት የሰጡኝ ፓራሲታሞል «ቢፒ» ይላል። የግፊት መድኃኒት ነው እንዴ?

አብሽሩ! ከስሙ ቀጥሎ የምትመጣው «ቢፒ» መድኃኒቱ በብሪታንያው የመድኃኒት መመዘኛ መሠረት መሠራቱን ትናገራለች፤ «ዩኤስፒ» የአሜሪካው ነው። ግፊትዎንም ካሰቡት አይቀር ይለኩት።

ከአዲስ አበባ፦ ጓደኛዬ «ወ/ሮ ስህን ተማርኩ» ይላል። ወይዘሮዋ ምን ነበር የሚያስተምሩት?

የደሴ ትምህርት ቤት ስም ነው።

ከመካነ ሰላም፦ «ቦረና» ተብሎ የተላከልኝ ዕቃ አልደረሰም፤ «ሰ/ሸዋ» ብዬ የላክሁትም እንዲሁ።

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አማራ ክልልም ኦሮሚያም አለ። ቦረና ደቡብ ወሎ ውስጥ ወረዳ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ዞን ነው። ኮምቦልቻም ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ሞክሼ አላት። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ ሳይቆረጥ ይጻፍ፤ የተቀባዩ ስልክም ሁለት ቦታ ላይ ይሁን፣ ካርቶን ሲቀደድ አንዱ ይተርፋል።