ወንበሩን ያዢው፣ ሥራሽን ግን አትልቀቂ

ጠያቂያችን 26 ዓመቷ ነው። ዓይነ ስውር ናት። አካውንቲንግ ተምራ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ጀማሪ አካውንታንት ሆና ሁለት ዓመት ሠርታለች። በቅርቡ ማኅበሯ ለከተማው አስተዳደር የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ አማካሪ ምክር ቤት በዕጩነት አቅርቧት ተመርጣለች። የአባልነት ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው። የሚሰበሰቡት በሁለት ወር አንዴ ነው። ደመወዝ የለውም፤ የትራንስፖርት አበል ብቻ። እሷ ግን ሥራዋን ለቅቃ ሙሉ ጊዜዋን ለመብት ትግል መስጠት አምሯታል። «ከቁጥር ጋር ስታገል ዕድሜዬን ልጨርስ?» ትላለች። አባቷ «በነጻ ማገልገል ለጠገበ ሰው ነው» ብለዋታል። እናቷ ደግሞ የልጃቸው ስም ከአካል ጉዳት ጋር በየአዳራሹ ባይነሳ ይመርጣሉ።

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ወንበሩን ተቀበዪ። ሥራሽን አትልቀቂ።

እኔም በክራንች ነው የምሄደው። ወደ ሙያ ምክር ከመግባቴ በፊት 11 ዓመት በጀት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። በዚያው ጊዜ እንዲህ ያለ ምክር ቤት ውስጥ ሁለት የአባልነት ዘመን ተቀምጫለሁ። «ከቁጥር ጋር ስታገል» የሚለው ቃልሽ ለዚህ ነው ያናደደኝ። ትንሽ ብቻ።

አማካሪ ማለት የሚወስነው ሌላ ነው ማለት ነው። ምክር ቤቱ በጀት አያጸድቅም፤ ሰው አይቀጥርም፤ ሕንጻ አያቆምም። ሐሳብ ያቀርባል። ያውም በዓመት ስድስት ጊዜ። በዓመት ስድስት ቀን የምትሄጂበት ቦታ ክብር ሊሆን ይችላል፣ ትምህርት ቤትም ሊሆን ይችላል። መተዳደሪያ ግን አይሆንም።

ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚጎድል ልንገርሽ። እኛ ተናጋሪ አልጎደለንም ነበር። ምሬትም አልጎደለንም፤ እያንዳንዳችን ለዓመት የሚበቃ ይዘን ነው የገባነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰባት የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ) ይሠራላቸው ብለን ጻፍን። ጽሑፉ ያምር ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሐሳቡ ተነስቶ ውይይት ተደርጎበታል» ተባለ። ይህን ሐረግ ስታገኚ ጠርጥሪ፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ የተቀበረው እሱ ሥር ነው። ለምን አልተሠራም ብለን ስንጠይቅ «በጀት የለም» ተባልን። እውነታቸውን ነበር። ወረቀታችን የደረሰው የዓመቱ በጀት ከጸደቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማንም ተንኮል አልሠራብንም። የስብሰባ ቀናችንን ያወጣው ሰው የበጀት ካላንደሩን አላየውም፤ በቃ። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ የበጀት ጥያቄ ስሰበስብ የምውል ሰው ሆኜ ይህን ለማስተዋል ዓመት ፈጀብኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

በሁለተኛው ዓመት ስብሰባውን ሦስት ወር ቀደም አደረግነው። ከጽሑፉ ጋር የዋጋ ሠንጠረዥ አያያዝን። ከሰባቱ አራቱ ተሠሩ። ንግግራችን አልተሻሻለም፤ ያው እኛው ነበርን።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአዲስ ሕንጻ ንድፍ ይዘው መጡ። «ራምፕ አለው» አሉን። አጨበጨብን። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የሒሳብ መምህርት ግን አላጨበጨበችም። እንዳንቺ ዓይነ ስውር ናት፤ ንድፉን አላየችውም። የደረጃው ከፍታና የራምፑ ርዝመት እንዲነበብላት ብቻ ጠየቀች። ከፍታው 45 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው ተባለ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፤ 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እዚያው በቃሏ አሰላችው። «ቢያንስ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልገዋል። ይኼ ራምፕ አይደለም፣ መንሸራተቻ ነው» አለች። እኛ የምናየው ሁላችን አጨብጭበን ነበር እኮ! ንድፉ ተመለሰ።

የእኔ ገጠመኝ ብቻ እንዳይመስልሽ። በአሜሪካ በአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ላይ ፕሬዚዳንቱንና ኮንግረሱን የሚያማክር ብሔራዊ ምክር ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሪፖርት አድልዎን የሚከለክል ሕግ ይውጣ አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር። ምክር ቤቱ ግን ወደ ረቂቁ ገባ። የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው እዚያ ይሠራ የነበረው ሮበርት በርግዶርፍ ነው። በሕፃንነቱ ፖሊዮ ክንዱን ጎድቶታል፤ ችግሩን ከመጽሐፍ አልነበረም የሚያውቀው። ረቂቁን ያስጻፈው ግን የሕግ ሙያው ነው። በ1988 ለኮንግረሱ ቀረበ፤ ብዙ ተቀያይሮ ጁላይ 26 ቀን 1990 ሕግ ሆነ። ሰልፈኞቹን አልረሳሁም። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ዊልቸራቸውን ትተው የኮንግረሱን ሕንጻ ደረጃ በእጃቸው እየዳሁ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ትግሉን እያናናቅኩ አይደለም። አንቺ ግን አካውንታንት ነሽ። የተቆጣ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሞልቶ ታገኛለሽ። የበጀት ሰነድ ገልጦ «ለተደራሽነት ተብሎ የተያዘው ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ሰው ግን ላታገኚ ትችያለሽ።

ወደ አባትሽ ልምጣ። የቤቱን ኪራይ ግማሽ የምትከፍዪው አንቺ እንደሆንሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ያንን መስመር ነው። አባትሽ የፈሩት ወንበሩን ሳይሆን የደመወዝሽን መቅረት ይመስለኛል። ቢፈሩም አልፈርድባቸውም። «ለጠገበ ሰው» ያሉት ግን ልክ አይደለም። ጉዳዩ ለጠገቡ ብቻ ከተተወ የሚመክሩት አውቶቡስ ጠብቀው የማያውቁ ሰዎች ይሆናሉ። ደግሞም ያው መሥሪያ ቤት ከውጭ አማካሪ ድርጅት ቢጠራ ይከፍል የለ? የአባላት ዕውቀት በነጻ መሆኑ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ገብተሽ ይህንኑ ጠይቂ።

ሥራሽን አትልቀቂ የምልሽ ግን ለኪራዩ ብዬ ብቻ አይደለም። በአበል የሚኖር አባል ስለ ቀጣዩ ስብሰባ ያስባል። እንዳይጠራ ይፈራል። «አልስማማም» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ይህን በጥሩ ሰዎች ላይ አይቻለሁ። ጠንካራ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ደመወዝሽ ሌላ ቦታ ሲሆን አፍሽም ነጻ ይሆናል።

እናትሽን በተመለከተ ትንሽ ልድፈር። ነጭ በትርሽን ይዘሽ በየቀኑ ሥራ ትሄጃለሽ። ጎረቤት ያውቃል፣ መንገደኛው ያውቃል። የሚደበቅ ነገር የለም። እስካሁን ተደብቆ የኖረው ሙያሽ ነው። ሰው በትርሽን እንጂ አካውንታንት መሆንሽን አያይም። እናትሽ የፈሩት አዳራሽ እንዲያውም ሙያሽን ሊያሳይልሽ ይችላል። ፍራቻቸው ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ፍቅር ስለሆነ ብቻ ልትታዘዢው አይገባም።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ጥቂት ነገር ጠይቂ። ሰነዶቹ ስንት ቀን ቀድመው ይላካሉ? በምን መልክ? ስካን ተደርጎ የመጣ ወረቀት ፎቶ ነው፤ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልሽ ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደርሽ፣ ፊቱ ላይ ድዳ ይሆናል። የሰነዱን ዋናውን ፋይል ይላኩልሽ። ሠንጠረዡንም በኤክሴል፤ ቁጥሩን አንቺ ነሽ የምትመረምሪው። ይህን ስትጠይቂ ውለታ የምትለምኚ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ፣ ስምምነቱን የተቀበሉ መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ በራሳቸው በአካል ጉዳተኞቹ ድርጅቶች በኩል በቅርበት እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ ያስገድዳል። ሰነዱን ማንበብ የማትችል አባል ደግሞ ተማከረች አይባልም።

ሌላው ጥያቄ ባለፈው ዓመት የሰጡት ምክር የት ደረሰ የሚለው ነው። በጽሑፍ ጠይቂ። መልስ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ዝም ካሉሽም ግቢ፤ ግን የት እንደገባሽ እያወቅሽ ግቢ።

መስማት ስለተሳናቸው ሰዎች እንዴት ልናገር ብለሽ ተጨንቀሻል። አትናገሪላቸው። የራሳቸው ማኅበር ተወካይ ከሌላቸው «ይህ ወንበር ለምን ባዶ ሆነ?» በይ። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማብራሪያ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሯቸውን ድርጅቶች ስለ እነሱ ከሚሠሩት ለይቶ፣ ቅድሚያው ለፊተኞቹ ይሁን ብሏል።

ሲቪሽ ላይ ይግባ ወይ? አዎ፣ ሥራ ልምድ ሥር። «አባል» ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ የትኛውን በጀት እንደመረመርሽ፣ ምን እንደተቀየረ ጻፊ። ሕዝብ ፊት መናገር መፍራትሽ ደግሞ በሦስተኛው ስብሰባ ይለቅሻል።

አለቃሽ ይቆጣል ብለሽ ገና ሳትጠይቂው ፈርተሽዋል። የምትጠይቂው በዓመት ስድስት ቀን ነው። የስብሰባ ቀኖቹን ዘርዝረሽ፣ የወር መዝጊያ ሒሳብ ላይ የማይወድቁ መሆናቸውን አሳይተሽ በኢሜል ጠይቂው። በቃል ከጠየቅሽው በቃል ይረሳዋል። አንዱ ቀን መዝጊያ ላይ ከወደቀ ደግሞ የትኛው ምሽት እንደምታካክሺው ጨምሪበት። ለምክር ቤቱ መልስ የምትሰጪው አርብ ነው ብለሻል። እንግዲያው ለአለቃሽ እስከ ረቡዕ ጻፊለት። ለምክር ቤቱ ከምትልኪው የእሺታ ደብዳቤ ግርጌ ደግሞ አንድ መስመር አክዪበት፦ «የቀጣዩ ዓመት በጀት ጥያቄ የሚዘጋበት ቀን መቼ ነው?»