ስልክ ቁጥርሽን ከሰጠሽ ስምሽን ሰጥተሻል

«በሥራ ቦታዬ የማየውን ነገር በብዕር ስም ፔጅ ከፍቼ መጻፍ እፈልጋለሁ። ስሜንም ፎቶዬንም አላወጣም። መመዝገቢያው ግን ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የራሴን ባስገባ ችግር አለው? ለሰው አይታይም አይደል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አለው እህቴ። በዚህ ግሩፕ ከእኔ በፊት «ለማንም አይታይም፣ አትጨነቂ» ብለው የመለሱልሽን አልወቅሳቸውም። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ያንኑ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት። ጠንካራ ፓስወርድ ምናምን እያልኩ አላሰለችሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ዋጋ ያስከፈለኝን ብቻ ልንገርሽ።

1. የዘወትር ቁጥርሽን አታስገቢ።

«አይታይም» ማለት ፔጅሽ ላይ ተጽፎ አይወጣም ማለት ብቻ ነው። ለነገሩ ቁጥርሽን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው ስንት ነው? አለቃሽ አለ፣ የቢሮ ልጆች አሉ፣ የድሮ ጓደኞችሽ አሉ። አንዳቸው አፑን ሲጭኑ «ኮንታክቶችዎን እንድናይ ይፈቅዳሉ?» ይላቸዋል። እሺ ይላሉ። ማን እምቢ ሲል አይተሻል? ያኔ የእነሱ ዝርዝር ውስጥ ያለው ቁጥርሽና ፔጁን የከፈትሽበት ቁጥር ይገናኛሉ። አንቺ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ እንዳስቀመጥሽ በሌላ ሰው ስልክ ትያዣለሽ።

እኔ ፔጄን የከፈትኩት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። በጣም የኮራሁበት ስም አወጣሁ። ፎቶው የአሮጌ ወንበር ፎቶ ነበር። ቁጥር ሲለኝ የራሴን ሰጠሁት፣ ኮዱ መጣ፣ አስገባሁ፣ አለቀ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጽሑፍ ጻፍኩ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዴት እንደሚሸራረፍ፣ ሪፖርት እንዴት እንደሚቀባባ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰው ወደደው። እንዲያውም አንዱን ጽሑፍ አንድ ባልደረባችን ጮክ ብሎ ለሁላችንም አነበበልን። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ትወና እችላለሁ ብዬ ነበር።

በሌላ ቀን በእረፍት ሰዓት ይኸው ልጅ ስልኩን አዞረልኝ። «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» ከሚለው ሥር፣ በአክስቱና በጥርስ ሐኪሙ መሃል፣ የእኔ አሮጌ ወንበር ጉብ ብሏል። «ይሄ ሰውዬ እኔን ከየት ያውቀኛል?» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ» አልኩ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል።

ልጁ ክፉ አይደለም። ነገሩ ግን ከነከነው። ቤቱ ሄዶ የፔጄን ስም «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለው ቦታ ላይ አስገባው። ምን ብሎ መለሰለት መሰለሽ? «መጨረሻው 47 ወደሆነው ስልክ ኮድ እንላክ?» ሌላው አኃዝ በኮከብ ተሸፍኗል። ለማያውቀኝ ሰው ሁለት አኃዝ ምንም አይደለም። እሱ ግን ከቢሮ ሰዎች መሃል ማን በ47 እንደሚጨርስ ለማየት ኮንታክቱን ወደ ታች ማንሸራተት ብቻ ነበር የቀረው።

ለማን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሁለተኛው ቀን አለቃዬ አስጠራኝ። ዘጠኙም ጽሑፎች ታትመው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አልጮኸም። «ስልክህ መጨረሻው ስንት ነው?» አለኝ። ለነገሩ ቁጥሬን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ ማታ ማታ ሲደውልልኝ የኖረ ሰው ነው። «47» አልኩት። «በቃ፣ ወደ ሥራህ» አለኝ። ውሌ ሲያልቅ አልታደሰም።

ሞኝ ነበርክ እንዳትይኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበረው ጄምስ ኮሚ ስውር የኢንስታግራምና የትዊተር አካውንት እንዳለው በአንድ መድረክ ላይ አፉ አመለጠው። አንዲት ጋዜጠኛ የልጁን ኢንስታግራም ለመከተል ጥያቄ ላከች። ኢንስታግራምም «እነዚህንስ?» ብሎ ከደረደረላት ስሞች መሃል የአባትየውን ስውር አካውንት አገኘችው። ከዚያ ወደ ትዊተሩ ተሻገረች። አራት ሰዓት ገደማ ነው የፈጀባት። የአገር ምስጢር የሚጠብቅ ሰው በዚህ መንገድ ከተያዘ እኔ ማን ነኝ?

«ቁጥርዎን የምንፈልገው ለደህንነትዎ ብቻ ነው» የሚለውን ነገርም ቀለል አድርገሽ አትመኝው። ፌስቡክ በ2019 አምስት ቢሊዮን ዶላር ሲቀጣ ከክሶቹ አንዱ ሰዎች ለደህንነት ብለው የሰጡትን ስልክ ቁጥር ለማስታወቂያ መጠቀሙ ነበር። ትዊተርም በ2022 ለዚሁ ጥፋት 150 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። በዚያው ዓመት ደግሞ ሲስተሙ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ሲያስገቡለት የየትኛው አካውንት እንደሆነ ይናገር ነበር። በዚያ ቀዳዳ የ5.4 ሚሊዮን አካውንት መረጃ ተሰብስቧል። ትዊተር ራሱ በብዕር ስም ለሚጽፉ ሰዎች የሰጠው ምክር ሰው የሚያውቀውን ስልክና ኢሜይል አካውንታችሁ ላይ አታስገቡ የሚል ነበር። ምክሩ ትክክል ነው። ትንሽ ዘገየ እንጂ።

2. ከተያዝሽም ሲሙን አትጣይው።

ይህችን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። እኔ በድንጋጤ ሲሙን ሰብሬ ጣልኩት። ቁጥሩን ካጠፋሁ ፔጁም አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ፔጁ ግን የትም አልሄደም። ልዘጋው ስገባ «ወደ ስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ» አለኝ። የትኛው ስልክ?

ለካምፓኒው የእርዳታ ክፍል ጻፍኩ። መጀመሪያ ማሽን መለሰልኝ፣ ሁለተኛም ማሽን። በሦስተኛው ሰው የሚመስል ነገር መጣና «ባለቤትነትዎን ለማረጋገጥ መታወቂያዎን ከፊትዎ ጋር ፎቶ አንስተው ይላኩ» አለ። አስቢው እስቲ። ስሜን ለመደበቅ የከፈትኩትን ፔጅ ለመዝጋት ስሜንና ፊቴን ላክ ተባልኩ። አንድ ሳምንት አኮረፍኩ። ከዚያ ለነገሩ የሚያውቀኝ ሁሉ አውቆኛል ብዬ ላክሁ። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ከአካውንቱ ስም ጋር ስለማይመሳሰል ጥያቄዎን ማስተናገድ አልቻልንም። እናመሰግናለን።»

አራት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩ። አራቴም ያንኑ «እናመሰግናለን» አገኘሁ። የመታወቂያዬ ፎቶ እነሱ ጋ ቀረ፣ ፔጁም እዚያው ቆሞ ቀረ። ቁጥሩ ደግሞ ሥራ ላይ ካልዋለ ጊዜውን ጠብቆ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት «ፓስወርድ ረሳሁ» ቢል ኮዱ የሚደርሰው ለእሱ ነው። የሰው ፔጅ ሳያውቀው ይወርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግቢ፣ ቁጥሩን ከአካውንቱ ላይ አውጪ ወይም አካውንቱን ዝጊ፣ ሲሙን የምታስቢበት ከዚያ በኋላ ነው።

3. ታዲያ በምን ልግባ ካልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር መልሽልኝ። የምትደበቂው ከማን ነው? ከአለቃሽና ከባልደረቦችሽ ከሆነ (እንደ እኔ ማለት ነው፣ አጻጻፍሽም እንደዚያ ይመስላል) የሚቀጥለው ይበቃሻል። ከመንግሥት ወይም ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሆነ ግን የእኔ ምክር አይበቃም። በብዙ አገር ሲም የሚሸጠው በመታወቂያ ነው። ሌላ ሲም ማውጣት ከአለቃሽ እንጂ ከቴሌ አይደብቅሽም።

ለፔጁ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ክፈቺ። የኢሜይሉ መጠባበቂያ ላይ የድሮ ኢሜይልሽን ወይም ስልክሽን እንዳታስገቢ። ያቺ የኮከብ ገጽ እዚያም አለች፣ የኢሜይልሽን የመጀመሪያ ፊደል ታሳያለች። «በጉግል ግቡ» የሚለውን ቁልፍም እለፊው፤ በዋናው አካውንትሽ ከነካሽው ስምሽንና ኢሜይልሽን አሳልፎ ይሰጣል፣ ጉግልም የት የት እንደምትገቢ ያውቃል።

ከፓስወርዱ በኋላ ለሚጠየቀው ሁለተኛ ማረጋገጫ በኤስኤምኤስ ፈንታ ኦተንቲኬተር አፕ ተጠቀሚ። በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየረው ባለ 6 አኃዝ ኮድ ከየትም አይላክልሽም። መጀመሪያ ስታገናኚው ከተቀበለው ምስጢርና ከሰዓቱ ተነስቶ ስልክሽ ራሱ ያሰላዋል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ሲም አይፈልግም፣ ቁጥርሽን የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። የሚሰጡሽን መጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጻፊያቸው። ስክሪንሾት አይደለም ያልኩት፣ ወረቀት። ስክሪንሾቱ ከሌሎች ፎቶዎችሽ ጋር ወደ ክላውድ ይወጣል።

ፓስኪ (በፓስወርድ ፈንታ የሚያስገባ ዲጂታል ቁልፍ ነው) የሚቀበል ከሆነ ደግሞ እሰየው። ፓስኪ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለያየ ቁልፍ ነው የሚሠራው። ሁለት ድረ ገጾች ቁልፎችሽን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ እንኳ የአንድ ሰው መሆናቸውን ከቁልፉ አያውቁም። ይህን የአይቲ ክፍል ልጆች አስረድተውኝ አይደለም። አሁን እነሱ ናቸው እኔን የሚጠይቁኝ።

ያለ ስልክ ቁጥር አይሆንም ካለሽ ማንም የማያውቀው፣ ደውለሽበት የማታውቂው ቁጥር ይሁን። ሕያው አድርገሽም ያዢው። «ኮንታክቶችዎን እንይ?» ሲልሽ አትፍቀጂ።

4. ቴሌግራም።

ሰው ሁሉ ቴሌግራም ምስጢር ነው ይላል። ተራው ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም፤ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም፣ ካምፓኒውም ቢሆን፣ እንዳያነበው ተደርጎ አልተቆለፈም። የተመሰጠረው ሲክሬት ቻት የሚባለው ነው፣ እሱንም ራስሽ ካልከፈትሽው አይመጣም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የገባሽበትን መስመር የሚያሳይ ቁጥር) ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ በፖሊሲው አስፍሯል። ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ግቢና «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» አድርጊ። እዚያ ላይ እንዳታቆሚ። «ኖባዲ» ስትይ ከሥሩ ሁለተኛ ጥያቄ ብቅ ይላል፦ በቁጥርሽ ማን ያግኝሽ? እሱን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጊው። ያለዚያ ቁጥርሽ ተደብቆም ቁጥርሽን የያዘ ሰው ያገኝሻል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚዘነጋው።

ሲግናልም ለመመዝገብ ቁጥር ይጠይቃል፣ ግን ከ2024 ወዲህ በዩዘርኔም ብቻ መገናኘት ይቻላል። እኔ የምወደው ስለሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ ተጠቃሚን መረጃ አምጡ ሲለው ሊሰጥ የቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን። ሌላ አልሰጠም፣ ምክንያቱም ሌላ አልያዘም። ያልተያዘ ነገር አይሰጥም።

5. በቢሮ ዋይፋይ አትጻፊ። ቪፒኤን (የምትገቢበትን ድረ ገጽ ከኔትወርኩ የሚሸፍን አፕ) አለኝ እንዳትይኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከፈተና ለማምለጥ ብሎ ቦምብ ተጠምዷል የሚል ኢሜይል ላከ። በቶር (ከየት እንደገባሽ የሚደብቅ ሌላ መሸፈኛ ነው) ተሸፍኖ ነበር፣ ኢሜይሉም ጊዜያዊ ነው። ግን የተጠቀመው የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ ነበር። መርማሪዎቹ በዚያ ሰዓት በኔትወርኩ ላይ ቶር የተጠቀመው ማን እንደሆነ ፈለጉ፣ እሱ ጋ ደረሱ፣ አመነ። ጥፋቱ ሌላ ነው፣ አንቺ ወንጀል አልሠራሽም። የቢሮሽ የኔትወርክ ሰው ግን ምን እንደጻፍሽ ባያይም በዚያ ሰዓት የተደበቀችው አንቺ ብቻ መሆንሽን ያያል።

ከስልክሽ ፎቶ ስትለጥፊ ቦታው አብሮ እንዳይሄድ የካሜራውን ሎኬሽን አጥፊ።

6ኛም ነበረኝ፣ እሱ እንኳ ምክር ሳይሆን ኀፍረት ነው። ያ ባልደረባዬ ከዓመታት በኋላ ቡና ጋበዘኝና «እኔ እኮ ከ47ቱ በፊት ጠርጥሬህ ነበር» አለኝ። እንዴት ስለው «በየአንቀጹ ‹ለነገሩ› ትላለህ። ስብሰባ ላይም እንደዚያ ነህ» አለኝ። ቤቴ ገብቼ የድሮዎቹን ጽሑፎች ቆጠርኩ። በዘጠኙ ውስጥ ሠላሳ አንድ «ለነገሩ»። እዚህ መልስ ላይ ስንቴ እንዳልኩ አንቺው ቁጠሪልኝ። አሁን ሌላ ፔጅ አለኝ፣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፣ አንዲት «ለነገሩ» የለችበትም። የቱ እንደሆነ አልነግርሽም።

ልልከው ስል ጥያቄሽን ደግሜ ላንብብ ብዬ ወደ ላይ ተመለስኩ። በራስሽ ስም ነው የለጠፍሽው። ከነፎቶሽ። ፕሮፋይልሽ ላይ የምትሠሪበት መሥሪያ ቤት ተጽፏል። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ከመሥሪያ ቤትሽ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ? ፔጁን ዛሬ አትክፈቺ። መጀመሪያ ጥያቄውን አጥፊው፤ ስታጠፊው የእኔም መልስ አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሚጠቅምሽን ወረቀት ላይ ገልብጪ። ከዚያ ጥቂት ወራት ይለፉ። ስትጀምሪም ስለ መሥሪያ ቤትሽ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ጀምሪ።

ካነበብሽው ላይክ አታድርጊ፣ አመሰግናለሁ ብለሽም አትጻፊ። ጥያቄው ከጠፋ እንዳየሽው አውቃለሁ።