ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት ስለ አሸንዳው ይታሰብ

እኅታችን «በጦርነቱ የተቃጠለውን ቤታችንን መልሰን እየሠራን ነው፤ በእጃችን ባለው ጥቂት ገንዘብ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ሮቶ እንግዛ ወይስ ጉድጓድ ቆፍረን ጂኦሜምብሬን (ውኃ የማያሰርግ ወፍራም ፕላስቲክ) እናንጥፍ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በ2015 ዓ.ም. ቆቦ አጠገብ ያለውን የቤተሰቤን ቤት እንደ አዲስ ስላሠራሁ ያየሁትን ልጻፍ። ቆርቆሮው ገና ካልተመታ፣ ገንዘቡን ከሁለቱም በፊት ለጣሪያው አሠራርና ለአሸንዳው ያውሉት።

እኔ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። አናጢው ጣሪያውን እንደ ድሮው ቤት ወደ አራቱም አቅጣጫ እንዲያፈስ አድርጎ ሠራው፤ ለአሸንዳ የተረፈኝ ገንዘብ ግን ለአንድ ጎን ብቻ ስለበቃ፣ ክረምቱን ሙሉ አብዛኛው ውኃ ግድግዳችንን እያረጠበ ወደ ጎረቤት ግቢ ወረደ። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ብቻ ቢያዘነብል ኖሮ ያው አሸንዳ ሁሉንም ይቀበል ነበር። እሳት የነካው ቆርቆሮም ዚንኩ ስለሚለቅና ቶሎ ስለሚዝግ ለከብት በረት እንጂ ለዚህ አይሆንም።

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚጥል 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 5 በ8 ሜትር መሬት የሚሸፍን ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 400 ሊትር ይወርድበታል፤ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 16 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ቦኖ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የጭቃ ቤት የሚመረገው ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ስለሆነ፣ እኛ በበልግ በሁለት በርሜል ያጠራቀምነው ውኃ መጀመሪያ የጠቀመን ለምርጊቱ ጭቃ ነበር።

አሸንዳውን ከላሜራ ማሳጠፍ ይቻላል፤ ነገር ግን በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ዝቅ ማለት አለበት። በዓይን ግምት የተሰቀለው የእኛ አሸንዳ መሐሉ ላይ ውኃ እያቆረ የትንኝ እጭ አፈላበት፤ አገሩ ደግሞ ወባማ ነው፤ ስለዚህ ክር ወጥረን እንደገና ሰቀልነው። ከደረቁ ወራት በኋላ የሚጥለው ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ አጥቦ ስለሚያወርድ፣ ለዚህ ስፋት ቢያንስ የመጀመሪያውን 20 ሊትር ማፍሰስ ያስፈልጋል። በእኛ ቤት የመውረጃውን ቱቦ ወደ በርሜሉ የምታዞረው ልጄ ናት፤ ውኃው የሻይ መልኩን ለቅቆ እስኪጠራ ድረስ ዝናቡ እየመታት ትጠብቃለች። ለመጠጥ የምንለየውን አፍልተን ወይም ውኃ አጋር የተባለውን የውኃ ማከሚያ ጨምረንበት እንጠቀማለን።

ጉድጓዱን በተመለከተ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዘመቻ ከተቆፈሩት ኩሬዎች ብዙዎቹ ውኃ ሳይዙ መቅረታቸውን የአካባቢያችን ሰው አይረሳውም። ለጓሮ አትክልት ከሆነና በደንብ ከታጠረ ይሁን፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ ግን አልመክርም። ሮቶውን እኛ የገዛነው በዓመቱ ነው። ባለ 1,000 ሊትሩ ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚመዝን በድንጋይ መደብ ላይ አስቀመጥነው፤ ለአምስት ሰው መጠጥና ማብሰያ በቀን 25 ሊትር ብቻ እየቀዳን 40 ቀን ያደርሰናል።