መልስ፦ ባልጩቱ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

የፓስፊክ ደሴቶች የጥንት ሰፋሪዎች የተጠቀሙበት ባልጩት ምንጩ በምን እንደሚለይ ለጠየቅከው፦ ወዳጄ፣ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ቶሎ የቀዘቀዘ መስታወት ነው። እያንዳንዱ ምንጭ እንደ ስትሮንቲየም፣ ዚርኮኒየምና ሩቢዲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች የራሱ መጠን አለው፤ እንደ ጣት አሻራ በለው። ስብርባሪው ላይ ኤክስሬይ ይለቀቅበትና መልሶ የሚሰጠው ጨረር ይለካል። ከዚያ ከታወቁት ምንጮች ጋር ማመሳከር ነው።

እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ርቀቱ ነው። ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ላፒታ በሚባሉት የጥንት ሰፋሪዎች ዘመን፣ ዛሬ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ከሆነችው ከኒው ብሪተን ደሴት፣ ከታላሲያ አካባቢ የወጣ ባልጩት 2000 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አቋርጦ በዛሬዋ ሰለሞን ደሴቶች አገር ያሉት ሪፍ ደሴቶች ደርሷል። በታንኳ! በምዕራብ በኩል ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ እስያዋ ቦርንዮ ደሴት ላይ ተገኝቷል። ግን ልብ በል፣ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ቀዘፈ ማለት አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈም ሊሄድ ይችላል።